ከድሬ ዳዋ ምድጃ እስከ ጀበና እሳት

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የት ተተከለ ብትባሉ ብዙዎቻችሁ ሙገር ሳትሉ አትቀሩም። ሙገር ማምረት የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ድሬ ዳዋ ከ40 ዓመት በላይ ትቀድመዋለች። ፋብሪካዋ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው።

ለምን ድሬ? አንደኛው ምክንያት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አልቻለም፤ ስለዚህ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ እዚያው ከተማ በቀለ። ሲሚንቶ ደግሞ ከባድ ነው፣ ዋጋው በጉዞ ይበላል፤ ሐዲድ አጠገብ መመረቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድንጋዩ ነው። የድሬ ዳዋ ኮረብቶች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ናቸው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው ባሕር ነበር፤ የባሕሩ ወለል ላይ የተጠራቀመው ደለልና ዛጎል ጠጥሮ ድንጋይ ሆነ። የጥንት ሰዎች የኖሩበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው።

በእርግጥ ድንጋይ አቃጥሎ ማያያዣ መሥራት ጣሊያን ያመጣልን ነገር አይደለም። የጎንደር ግንቦች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተያያዙት በኖራ ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ቀስ ብሎ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 ፓተንት ያወጣበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ ግን ከውሃ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፤ ውሃ ውስጥም ቢሆን። ዛሬ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቃጠላሉ፤ ክሊንከር የሚባል ጠጠር ይወጣል። እሱ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ በቃ፣ ሲሚንቶ ሆነ።

ችግሩም እዚሁ ቀመር ውስጥ ነው ያለው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ይህ ከነዳጁ ጭስ ሌላ ነው፣ ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታነዱትም አይቀርም። በዚያ ላይ 1,450 ዲግሪ ለመድረስ ብዙ ነዳጅ ይበላል። ፋብሪካዎቻችን ለረጅም ጊዜ የድንጋይ ከሰል በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ ኖረዋል። ያ ወጪ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አንድ ክፍል ቤት ልሥራ ብሎ በሚነሳ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ታዲያ ክሊንከሩን መቀነስ አይቻልም? ይቻላል፣ መንገዱም አሮጌ ነው። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድና የተፈጨ ሸክላ ከኖራ ጋር ይቀላቅሉ ነበር። እኛም አገር ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣውን ፑሚስ ይጨምራሉ። በዘመናችን ደግሞ በስዊዘርላንድ ሎዛን የምትሠራው የቁሳቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ካረን ስክራይቨነር፣ ከኩባው ፈርናንዶ ማርቲሬናና ከሕንድ ባልደረቦቿ ጋር ሌላ ቀመር አወጣች። ከ100 እጁ 50 ክሊንከር፣ 30 የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ 15 ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 ጂፕሰም። የካርቦን ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ሸክላው የሚፈልገው ሙቀት ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ጀበናና ምጣድ በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ሲተኮሱ የሚደርሱት ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው። እሳቱ ከአፈሩ ማዕድን ውስጥ ውሃውን ያባርራል፣ የአቶሞቹን አደራደር ያፈርሳል። ጀበና ቡና ሲፈላበት ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው በዚህ ነው። ያው የፈረሰ አደራደር ዱቄት ሆኖ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ማያያዣ ይሆናል።

ይህን እሳት ሲቆጣጠሩ የኖሩት ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። አፈሩን በመዳፍ እያሹ የሚመርጡ፣ እሳቱን በዓይን የሚለኩ። ማኅበረሰቡ ግን ምጣዳቸውን ገዝቶ እነሱን «ቡዳ» እያለ ሲያገል ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ሙያውን የናቀ አገር ዕውቀቱን አይመዘግብም፤ ያልተመዘገበ ዕውቀት ደግሞ ላቦራቶሪ አይገባም።

የድሬው ፋብሪካ በኋላ ወደ ግል ዞሮ ናሽናል ሲሚንት ሆነ፤ አዲስ ትልቅ ምድጃም ተተከለ። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው። የአዲሱ ቀመር ግማሽ ሥራ ግን አፈር መምረጥ ነው፤ ማንኛውም ጭቃ አይሆንም፣ ካዎሊን የሚባለው ማዕድን በቂ መሆን አለበት። እንግዲህ ተመራማሪዎቻችን አፈር ፍለጋ ሲወጡ፣ ከማሽኑ ጋር ሸክላ ሠሪዎቹንም ቢጠይቁ ጥሩ ነው። የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል ለትውልድ ሲለዩ የኖሩት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ ሲጠየቁ ግን ስማቸውም ይጻፍ።