ባሕር ማዶ ተልኮ የተማረ ሰውና የሁለት ወገን ዕዳ

አንድ መንግሥት አንዱን ወጣት መርጦ፤ የመርከቡን ዋጋ ከፍሎ፤ ቀለቡንና መጽሐፉን ችሎ ወደ ሌላ አገር ለትምህርት ሲልከው ነገሩን የሚያይ ሰው ሁሉ ስጦታ ይለዋል። በታሪክ ዐይን ስንመለከተው ግን ብድር ሆኖ እናገኘዋለን። ብድሩም የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ተማሪው ዕውቀቱን ይዞ ተመልሶ ሌላውን የማስተማር ዕዳ ሲኖርበት፤ የላከውም አገር በበኩሉ ለተመላሹ የሚሠራበትን ስፍራ አዘጋጅቶ በክብር የመቀበል ዕዳ አለበት። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ገንዘቡም ዘመኑም በከንቱ ይቀራል። ይህን አሳብ ተማሪ ቤቶቻችንን ከመሩ ሰዎች ታሪክ እየጠቀስን እንመረምረዋለን።

የዘመናዊ ትምህርታችን ነገር ሲነሣ ከፊት ከሚታሰቡት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸውን ያስተማረቻቸው አገራቸው አልነበረችም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ ሌላውም መኰንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለላቸው፤ በዚያም ሕክምና ተማሩ። ይሁን እንጂ አገራቸው ምንም ሳታወጣባቸው ተመልሰው አገለገሏት። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ የሆኑት እርሳቸው ነበሩ።

በዚያው ዘመን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ልዩ ልዩ አገር ይልኩ ነበር። ተማሪውን የሚመርጠው ፈተና ሳይሆን የቤተ መንግሥት ፈቃድ ነበር። ወደ አሜሪካ ከተላኩት ከመጀመሪያዎቹ መካከል መላኩ በያን፤ በሻህውረድ ሀብተ ወልድና ወርቁ ጎበና ይገኙበታል፤ ያረፉትም በኦሃዮ ግዛት በመስኪንገም ኮሌጅ ነበር። ከዚሁ ኮሌጅ የታሪክ መምህር የነበሩት ኧርነስት ወርክ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. የትምህርት አማካሪ ሆነው አዲስ አበባ መጡ። እኒህ ሰው ኢትዮጵያ የአውሮጳን ተማሪ ቤት እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ለራስዋ ኑሮ የሚስማማ ትምህርት በአማርኛ ቋንቋ እንድታዘጋጅ መከሩ። እንዲህ ያለውን ዕቅድ በሥራ ላይ ለማዋል ግን የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ያስፈልጉ ነበር፤ እነርሱም መመለስ የጀመሩት ገና በዚያው ጊዜ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ጦርነት መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ሰው እየፈለጉ ገደሉ። በሻህውረድ ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፤ ቢንያምና ዮሴፍም፤ ተገደሉ። የሰውን ልጅ በትምህርት ለማሳደግ የደከሙት አባት በዚያን ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። አገር በብዙ ድካም የዘራችው አዝመራ ሳይታጨድ ተቃጠለ ማለት ይህ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራውን የጀመረው ከእነዚያ ሰዎች ጉድለት ጋር ነው።

ከሞት ከተረፉት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተልከው ከጦርነቱ በፊት ተመለሱ፤ በወለጋም በለቀምት አስተማሩ። በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት ወዲህ ግን በእቴጌ መነን ተማሪ ቤት ተመድበው እስከ ዲሬክትሪስነት ደረሱ፤ ቲያትርም እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያሠሩ ነበር። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው በመጀመሪያው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በእርሳቸው ታሪክ የዕዳው ሁለት ወገን ተገናኝቶ እናያለን፤ እርሳቸው ለማስተማር ተመለሱ፤ አገርም ተማሪ ቤት ሰጠቻቸው።

ከዚህ በኋላ የትምህርት ዕድሉ እየሰፋ ሄደ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የ«ነጥብ አራት» ስምምነትም ለመምህራንና ለአስተዳዳሪዎች አዲስ በር ከፈተ፤ አንዳንዶቹም ቤይሩት በሚገኘው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ምርጫውም ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ወደ ፈተና ውጤትና ወደ ኮሌጅ ማዕረግ ዞረ። ከኮሌጁ ቀደምት ምሩቃን አንዱ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አግኝተው ተመለሱ፤ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን፤ በኋላም ከ1961 እስከ 1966 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቀደምቶቹ ተማሪዎች ወደ ተላኩባት ወደ ኦሃዮ ሄደው የተመለሱት ሰው የአገሪቱን ከፍተኛ ተማሪ ቤት መሩ ማለት ነው።

ተቀባይ የነበረችው ኢትዮጵያም በተራዋ ሰጪ ሆነች። በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው በነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ለአፍሪካ ተማሪዎች ሁለት መቶ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። በኋላ በኬንያ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በአዲስ አበባ ተምረዋል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጥ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ዕዳውን ከምረቃ በፊት የማስከፈል ሥርዓት ይህ ነበር።

ሆኖም ተማሪው ዕዳውን ቢያውቅም አገር የራስዋን ዕዳ የዘነጋችበት ጊዜ መጣ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ እስራትና ግድያ ሲበዛ፤ በውጭ ይማሩ ከነበሩት ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ፤ በአገር የነበሩትም ብዙዎች ተሰደዱ። ዶክተር አክሊሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓለም ባንክ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ችሎታቸውን ለሌሎች አገሮች አዋሉ። እነዚህን ሰዎች ከዳተኞች ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ሰው ሕይወቱን ወደሚያጣበት ቤት ተመለስ አይባልም። ደኅንነቱንና የሥራ ስፍራውን የነፈገ አበዳሪ ተበዳሪውን በምን አፉ ይጠይቃል?

ስለዚህ የትምህርት ዕድል የሚያድል ባለሥልጣን ስንት ሰው ላክሁ ብሎ ከመቍጠሩ በፊት፤ ለሚመለሰው ወንበሩን፤ ሥራውንና ነጻነቱን አዘጋጅቻለሁን ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ዕድሉን ያገኘው ወጣትም የሚማርበት ገንዘብ ተማሪ ቤት አጠገቡ ካልተሠራለት ገበሬ ጭምር የተሰበሰበ መሆኑን ያስብ። እኛም ሁለቱን ወገኖች የምናስታውሰው ለወቀሳ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ ያልተበደሩትን ከፈሉ፤ ልጆቻቸው ከፍለው ሳይጨርሱ ተገደሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የሚላክም ሆነ የሚልክ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል ብለን ነው።