የዓባይ መልካዎችና የዝባድ ንግድ

በሰሜን አሜሪካ ታሪክ ወንዝና የአውሬ ጠጉር ንግድ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ አይነገርም። የሀድሰን ቤይ ኩባንያ በ1670 ከተቋቋመ ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነጋዴው ለአውሮፓ ባርኔጣ ሰፊዎች የቢቨር ቆዳ ፍለጋ በታንኳ እየቀዘፈ ወደ ውስጥ አገር ይዘልቅ ነበር። አሌክሳንደር ማኬንዚም በ1789 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ወንዝ ተከትሎ እስከ ሰሜን ውቅያኖስ የደረሰው በንግድ ኩባንያ ሥራ ላይ ሳለ ነው። በዚያ አገር ወንዙ ራሱ ጎዳና ነበር።

ለግንደወይን፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ይሆንበታል። ዓባይ ምሥራቅ ጎጃምን ከብቦ የያዘው ቅጥር ሆኖ ነውና የንግዱ ታሪክም የመሻገር ታሪክ ነው። በክረምት መልካው ይዘጋል። ውኃው ሲጎድል ሲራራ ነጋዴው በቅሎውንና አህያውን እየነዳ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ዋናተኞችም የተነፋ አቁማዳ ታቅፈው ጭነቱን ያሻግራሉ። የአዞው ፍርሃት ሁልጊዜ አብሮ አለ።

ከእነዚህ መሻገሪያዎች ወዲህ፣ ከግንደወይን በስተደቡብ ምዕራብ በየጁቤ አጠገብ፣ የባሶ ገበያ ይቆም ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ የገበያውን ንግድ መርምሮ ጽፏል። ከጉድሩና ከእናርያ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን በኩል አሞሌ ጨውና በምጽዋ የገባ ጨርቅ ይደርሳል። በእናርያ ይህን ንግድ በእጁ ያስገባው ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበር።

የሰሜኑ ነጋዴ ከቢቨር ያገኘውን ያህል የእኛው ነጋዴ ከጥሪኝ ይጠብቅ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ አውሬው አለመገደሉ ነው። ወንዱ ጥሪኝ በጠባብ የእንጨት ቤት ተዘግቶ ሥጋ እየበላ ይያዛል፤ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው ቅባት በየጥቂት ቀኑ በማንኪያ ይፋቃል፤ ከዚያም በከብት ቀንድ ታሽጎ እስከ አውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ይሄዳል። ለአውሬው ይህ ዕድሜ ልክ እስራት ነው፤ ከሞት ይሻላል ማለት ያስቸግራል። የቅባቱን ጠረን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 ገለጸ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ የጥሪኙን ቦታ እየያዘ መጥቷል።

በዚያው መልካ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይነዳ ነበር። በባሶ ባሪያው ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ለሽያጭ ይቀርብ ነበርና የንግዱን ብልጽግና የሚያወሳ ሁሉ ይህን መዝለል አይገባውም።

አሳሾቹ የመጡት በነጋዴው ዱካ ነው። ፓኤዝ በ1618፣ ብሩስም በ1770 ግሽ ዓባይን አይተዋል፤ የሸለቆው ነገር ግን ለካርታ ሠሪ ገና ጨለማ ነበር። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1903 ወንዙን በጀልባ ሊወርድ ቢነሣ ጀልባዎቹ ብዙ ሳይርቁ ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ግን የወንዙን መታጠፊያ በበቅሎና በእግር እየተከተለ በካርታ ላይ አሰፈረ። ክብሩ ይገባዋል፤ ሆኖም መልካዎቹን ያሳዩት የአገሩ ሰዎች ስማቸው በካርታው ላይ የለም። በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የወታደሮች ጉዞ በሚነፋ ጀልባ ብዙውን ሲወርድ አንድ ባልደረባ በገባር ወንዝ ሰጥሞ ሞተ።

ሞጣ አጠገብ፣ ወደ በጌምድር በሚያሻግረው በር፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከለኛ ቅስቱን ስላፈረሱት ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በሦስተኛው ሺህ ዓመት መባቻ ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ለእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ። ገመዱን ይጎትቱ የነበሩትም ገመዳቸውን ጠቀለሉ።