የካሩቱሪ የጋምቤላ እርሻና የግብር ክርክሩ

የካሩቱሪ የጋምቤላ እርሻ በኢትዮጵያ መንግሥትና በሕንዱ ካሩቱሪ ግሎባል መካከል በተፈረመ የመሬት ኪራይ ውል የተቋቋመ ሰፊ የእርሻ ኢንቨስትመንት ነበር። በጽጌረዳ ላኪነት ይታወቅ የነበረው ይህ የቤንጋሉሩ ኩባንያ፣ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በተፈረመ ውል በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ።

ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር፤ ለመላው መሬት 2 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። ኪራዩ እንዲህ ሲረክስ የአገር ተስፋ የሚጣለው በምርቱ፣ በሥራ ዕድሉና በግብሩ ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. መባቻ ግን የባሮ ወንዝ ሞልቶ የበቆሎውን ማሳ አጥለቀለቀው።

ትልቁ የግብር ክርክር የተነሳው ግን ኩባንያው ጽጌረዳ ያመርትባት በነበረችው በኬንያ ነው። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኩባንያው የናይቫሻን ጽጌረዳ ዱባይ ላለው እህት ድርጅቱ በዝቅተኛ ዋጋ እየሸጠ ትርፉን ግብር ወደማይከፈልበት አገር አሽሽቷል ሲል 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠየቀው። ኩባንያው ውሳኔውን ተቃወመ። ትርፍ የማሸሹ አሠራር ቀላል ነው፦ አበባው ከማሳ ሲወጣ ርካሽ፣ ዱባይ ሲደርስ ውድ ይሆናል፤ ልዩነቱ አምራቿ አገር ሳይመዘገብ ይቀራል።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የጋምቤላውን ውል ሰረዘ፤ ኩባንያው ስረዛውንም አልተቀበለም። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ከ100,000 ሄክታር የለማው 1,200 ብቻ መሆኑ ነበር።