ደብረ ብርሃን፣ ሂልተን፣ ዳልስ

ደብረ ብርሃን ሲባል አብዛኛው ሰው ብርዱን፣ አረቄውን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ያነሳል። ሙዚቃ የሚያነሳ አላጋጠመኝም። የሮክና የአማራጭ ሙዚቃ ወሬማ ቀጥታ አዲስ አበባ ነው የሚገባው፤ ጃኖ ባንድ፣ 2012 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው «ኤርታሌ»፣ አለቀ። እኔ ግን ከ1946 መጀመር እፈልጋለሁ፤ ኃይሉ መርጊያ ደብረ ብርሃን የተወለደበት ዓመት ነው።

ኃይሉ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ። አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ፤ በኋላም ኦርጋን ላይ ተቀመጠ። በ1970ዎቹ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ደርግ የሰዓት እላፊ አውጆ ስለነበር ሊጨፍር የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ሌሊቱ ሙሉ ያንተ ከሆነ ዜማ ለማሳጠር ምን ያስቸኩላል?

በ1977 የወጣው «ቸ በለው» በዋናነት የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት ዘመን፣ አድማጩም ዘፋኝ በለመደበት አገር፣ ይሄ ቀላል ድፍረት አይደለም። ፋንክ አለው፣ ጃዝ አለው፣ ቅኝቱ ግን የኛው ነው። «አማራጭ» ለመባል የግድ የሚያጓራ ጊታር አያስፈልግም።

በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካን ዞረ። ገሚሱ ሲመለስ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን «ሸመንሟናዬ»ን ቀረጸ፤ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ፒያኖ፣ በያማሃ ዲኤክስ 7 እና በከበሮ ማሽን። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ዲኤክስ 7 ድምፅ የሚፈጥረው በስሌት ነው፤ አንዱ ሞገድ የሌላውን ንዝረት እየቀያየረ። የከበሮ ማሽኑም የታዘዘውን ሳያዛንፍ ይደግማል። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ግን በሰው እጅ ነው የሚሳበው፣ ይተነፍሳል። ካሴቱን ደጋግሜ የሚያሰማኝ ይሄ አለመስማማት ነው።

ከዚያ ታክሲ። ኃይሉ ዳልስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። «ሸመንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌ ካሴቶች መሃል ያገኘው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ነው። ሰውየውን ፈልጎ አገኘው፤ በ2013 በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ስም እንደገና አሳተመው። ያቺን ካሴት ያቆያት ሙዚየም አይደለም፣ ቤተ መዛግብትም አይደለም፤ የካሴት ነጋዴና የማይጥል ሰው ናቸው። የካሴት ክር ደግሞ በየዓመቱ ድምፁን እየለቀቀ ነው የሚያረጀው፣ ደብረ ብርሃን ያሉትም ጭምር።

ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ፤ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተለ። ያኔ ሰባውን አልፏል።