የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን ከጸጥታ ሕፀፅ ስለ መጠበቅ

የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚባለው፣ በኃይል ማመንጫ፣ በውኃና በነዳጅ ማጣሪያ፣ እንዲሁም በልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚካሄደውን ሥራ እየለካ የሚመራ የኮምፒዩተርና የመሣሪያ ማኅበር ነው። ሙቀትን፣ ግፊትንና ፍሰትን የሚያሳውቀው መለኪያ፣ ልኬቱን ተቀብሎ የሚወስነውና ፒኤልሲ በሚል አሕጽሮተ ስም የሚታወቀው አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ ውሳኔውን የሚፈጽመው ቫልቭ፣ ፓምፕ ወይም ሞተር፣ ይህንንም ሁሉ በመቆጣጠሪያ ክፍል ለሚጠባበቀው ተረኛ ኦፕሬተር በስክሪን የሚገልጸው ሶፍትዌር ሲተባበሩ ሥርዓቱ ምሉእ ይሆናል። የጸጥታ ሕፀፅ ማለት ደግሞ፣ ሶፍትዌሩ ሲነደፍ፣ ሲጻፍ ወይም ሲተከል የገባና ሥልጣን የሌለው ሰው ትእዛዝ እንዲሰጥ ወይም እውነተኛውን ልኬት እንዲሰውር በር የሚከፍት ጉድለት ነው።

በጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚደርስ ጥፋት በአብዛኛው ምስጢርንና ገንዘብን የሚነካ ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ላይ የሚደርሰው ግን ብረትን፣ እሳትንና የሰውን ሕይወት ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የኢዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በተደረገው ፈተና፣ 2.25 ሜጋዋት የሚያመነጭ የናፍጣ ጄኔሬተር የኃይል ማቋረጫው ያለ ጊዜው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር ያለው ስምምነት ፈርሶ ተንቀጠቀጠ፤ ቁርጥራጩ ተፈነጠረ፤ በመጨረሻም ጢስ ተፍቶ ቆመ። ይህን ሁሉ ያደረገው መዶሻ ወይም ፈንጂ ሳይሆን ትእዛዝ ብቻ ነበር።

የሕፀፁ ምንጭ

የመጀመሪያዎቹ ፒኤልሲዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሠሩ፣ ፋብሪካው በግንብ የታጠረ፣ ሽቦውም ከውጭው ዓለም የተለየ ስለ ነበር፣ መሐንዲሶቹ የደከሙት መሣሪያው እንዲጸና እንጂ ትእዛዝ ሰጪውን እንዲመረምር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ሞድበስ የተባለው የመልእክት ሥርዓት የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ በጥንት መልኩ መልእክቱ የይለፍ ቃልም ሆነ ማኅተም ስለማይጠየቅ፣ በመረቡ ላይ የቆመ ማንኛውም ኮምፒዩተር «ቫልቩን ክፈት» ቢለው መሣሪያው ይከፍታል። በኋላ ዘመን የፋብሪካው መረብ ከአስተዳደሩ መረብ፣ የአስተዳደሩም ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ፣ ያ የጥንት መታመን ሳይለወጥ ጥበቃ የሆነው ግንብ ብቻ ፈረሰ።

መድኃኒቱን የሚያዘገየው ሌላ ምክንያትም አለ። የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ማሻሻያ በመጣ ጊዜ ሌሊቱን ሊታደስ ይችላል፤ ቀንና ሌሊት የሚነድ ምድጃ ወይም የሚሽከረከር ተርባይን ግን ለማሻሻያ ሲባል አይቆምም፤ መሣሪያው 15 እና 20 ዓመት ስለሚያገለግልም ሠሪው ድጋፉን ያቋረጠለት ሶፍትዌር ሥራ ላይ ይገኛል። ስለዚህ የታወቀ ሕፀፅ ሳይፈወስ ለዓመታት መቆየቱ በዚህ ሙያ የዘወትር ሁኔታ ነው፤ የጥበቃውም ጥበብ ሕፀፁ እያለ አደጋው እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

ሦስት አብነቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 የተገለጠው ስታክስኔት የተባለው ተንኮለኛ ሶፍትዌር፣ በዊንዶውስ ውስጥ እስከዚያ ያልታወቁ 4 ሕፀፆችን ይዞ፣ በዩኤስቢ ፍላሽ ጭምር እየተዛመተ፣ በኢራን ናታንዝ ዩራኒየም የሚያበለጽጉትን ሴንትሪፉጆች የሚመሩ የሲመንስ ፒኤልሲዎችን አጠቃ። የመዞሪያውን ድግግሞሽ ወደ 1,410 ኸርዝ ከፍ ያደርግና፣ በሌላ ጊዜ ወደ 2 ኸርዝ ያወርደዋል፤ በዚያው ሰዓት ግን አስቀድሞ የቀዳውን ጤናማ ልኬት ለተቆጣጣሪው ስለሚያቀርብ፣ ስክሪኑ ሰላምን ሲመሰክር ብረቱ ይሰበር ነበር።

በዩክሬን ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶች ላይ የደረሰው ጥቃት የተጀመረው ከኢሜይል ጋር በተላከ ሰነድ ነበር። ወራሪዎቹ ከአስተዳደሩ መረብ የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ሰርቀው ወደ መቆጣጠሪያው ከተሻገሩ በኋላ፣ ኦፕሬተሮቹ በዓይናቸው እያዩ የማውዙ ቀስት ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ እየሄደ የማከፋፈያ ጣቢያዎችን የኃይል ማቋረጫዎች አንድ በአንድ ከፈተ፤ ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞችም ጨለማ ውስጥ ገቡ። ብርሃኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞቹ ወደየጣቢያው ሄደው ማቋረጫዎቹን በእጃቸው ስለ ዘጉ ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የታየው ትራይቶን ነው። ዒላማው ሥራውን የሚመራው መሣሪያ ሳይሆን፣ አደጋ ሲቃረብ ፋብሪካውን በሰላም የሚያቆመው ትሪኮኔክስ የተባለው የደኅንነት መቆጣጠሪያ ነበር። በመሣሪያው ፊት ያለው የቁልፍ ማዞሪያ ፕሮግራም መጻፍ በሚፈቅደው ቦታ ላይ መተዉ ለወራሪዎቹ መንገድ ሆነ፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ሥራ የሚመሰክሩት የመሣሪያው አንጎሎች ባለመስማማታቸው ሥርዓቱ ራሱን አቆመ፤ ተንኮሉም በዚህ ተገለጠ።

ሦስቱን አብነቶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ጥፋቱ የጸናው መሣሪያው ወይም ሰው አንድ ምስክርን ብቻ ባመነበት ቦታ ሲሆን፣ የተገታው ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ወይም እጅ በተገኘበት ቦታ ነው።

የጥበቃው ሥርዓት

የጥበቃ መጀመሪያ መዝገብ ነው፤ በፋብሪካው ያለው እያንዳንዱ መሣሪያ፣ የሶፍትዌሩ ዓይነትና ቁጥር፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገርም ካልተጻፈ፣ አዲስ ሕፀፅ በተነገረ ጊዜ የሚመለከተን መሆኑን ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ቀጥሎ መረቡ በእርከን ይከፈላል፤ በአስተዳደሩና በመቆጣጠሪያው መካከል ፋየርዎል ያለበት ገለልተኛ ቀጣና ይቆማል፤ ከሩቅ የሚገባ ጥገና ሠራተኛም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ማሻሻያ ሲመጣ አምሳያ በሆነ መሣሪያ ላይ ይፈተንና ፋብሪካው ለጥገና በሚቆምበት ጊዜ ይጫናል፤ እስከዚያ ድረስ አላስፈላጊው አገልግሎት ይዘጋል፣ የተፈቀደው ፕሮግራም ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል፣ የቁልፍ ማዞሪያውም ፕሮግራም መጻፍ በማይፈቅደው ቦታ ላይ ተቆልፎ ቁልፉ በኃላፊ እጅ ይቀመጣል። መረቡን የሚመረምረው ሰው አሮጌ መሣሪያ በኃይለኛ ፍተሻ ሊቆም እንደሚችል ዐውቆ፣ የሚያልፈውን መልእክት በዝምታ ማዳመጥን ያስቀድማል። የእያንዳንዱ ፒኤልሲ ፕሮግራም ቅጂም ከመረቡ ውጭ ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ በሥርዓት ያስቀመጠው አይኢሲ 62443 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ኃላፊነቱን ለሦስት ይከፍለዋል፤ መሣሪያውን የሚሠራው ከንድፉ ጀምሮ እንዲጠነቀቅና የተገኘበትን ሕፀፅ ሳይሰውር እንዲያሳውቅ፣ የሚተክለው በእርከን እንዲያደራጅ፣ ባለቤቱ ደግሞ ዘወትር እንዲጠብቅ ያዛል።

ከሁሉ በላይ ግን ባለቤቱ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር፣ ልኬቱን ከኮምፒዩተሩ ነጻ በሆነ መንገድ የሚያረጋግጥ መሣሪያ እንዳይጠፋና ፋብሪካውን በእጅ ማቆምና ማስነሣት የሚችል ሠራተኛ በየጊዜው እንዲለማመድ ማድረግ ነው። ሶፍትዌር በሰው እስከ ተጻፈ ድረስ ፍጹም አይሆንምና፣ ሕፀፅ የሌለበትን ቀን ከመጠበቅ ይልቅ ሕፀፅ በተገለጠ ዕለት ሰው እንዳይጎዳ አድርጎ መሥራት የዚህ ሙያ ዋና ግዴታ ነው።