ከኮርቻው ሥር

የዛሬ ዓመት ጥቅምት ላይ አጎቴ ከሰቆጣ ደወለ። «ፈረስ ገዛሁ» አለኝ። ደስታው እንዲገባችሁ፣ ቤታችን ከጦርነቱ ወዲህ ፈረስ እንዳልነበረው ማወቅ አለባችሁ። የነበረችን ባዝራ በ2013 ክረምት፣ ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረች።

«ኮርቻስ?» አልኩት።

«የአያትህ ኮርቻ እያለ ምን ያሳስብሃል?»

ያ ኮርቻ ከጎታው ጀርባ ተደብቆ የተረፈ ነው። ፊትና ኋላው ከፍ ያለ፣ ቆዳው ከእድሜ ብዛት የጠቆረ። ልጅ ሆኜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ትልቁ እሱ ይመስለኝ ነበር። ለገና ስሄድ አጎቴ አዲሱን ዳማ ፈረስ በዚሁ ኮርቻ ጫነው። የሆዱን ጠፍር ሲያጠብቅ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ሊነክሰው ዞረ። «ዓመለኛ ነው፣ ይለምዳል» አለ አጎቴ፤ ዱላም አነሳ።

አንድ ሰዓት ያህል ጋልቦት ተመለሰና ኮርቻው ወረደ። ጀርባው በላብ ርሷል። ከትከሻው ኋላ ግን፣ ግራና ቀኝ፣ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ነበረች። እኔ ደረቅ መሆኑን እንደ ደህና ነገር ነበር ያየሁት። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታውን በጣታቸው ሲጫኑት ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ሸሸ። «ክፉው ይሄ ደረቁ ነው» አሉ። «ነገ ይገጥባል።»

በኋላ ሳነብ ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ኮርቻ አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ሲጫን እዚያ ያለው ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ላብም አይወጣም። ሲደጋገም ቆዳው ይሞታል፣ ይቆስላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ የሚበቅለው ጸጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ገበያ ላይ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ፈረስ ካያችሁ፣ የአንድ የድሮ ኮርቻ ታሪክ እያነበባችሁ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንላለን። እኛ ደግሞ ዳውላውን አክብረን ፈረሱን ልንመታ ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ የታወቀች ሰበብ አለች፦ «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል።» የአያቴ ኮርቻም በአያቴ ፈረስ ላይ ይሠራ ነበር። ይሄ ግን ሌላ ፈረስ ነው።

ኮርቻ ሲባል የምናስበው የተቀማጩን ወንበር ነው። ዋናው ሥራው ግን ከሥር ነው፤ የሰውየውን ክብደት ከአከርካሪው ላይ አንስቶ የጎን ጡንቻዎች ላይ ማከፋፈል። ከ2,400 ዓመት በፊት ገደማ በአልታይ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተቀበሩት የፓዚሪክ ኮርቻዎች እንኳ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ የተሞሉ ትራሶች ነበሩ። የአሜሪካ ጦር በ1859 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የማክሌላን ኮርቻ ደግሞ መሃሉ እስከ ጭራሹ ክፍት ነው። የአያቴን ኮርቻ ገልብጬ ሳየው ያው ሐሳብ እዚያ ነበር፦ ሁለት ሳንቃዎች፣ ፊትና ኋላ በእንጨት ቅስት የተያያዙ፣ መሃላቸው ለአከርካሪው ክፍት የተተወ። የሠራው ሰው ማን እንደነበር ግን በቤታችን የሚያውቅ የለም።

ስለ እርካቡም ልጨምር። የደጋው ፈረሰኛ ድሮ የሚጋልበው በባዶ እግሩ ነበር፤ እርካቡም አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ነበረች። ሕንድ ውስጥ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በተቀረጹ ምስሎች ላይም የጣት እርካብ ይታያል። ቻይና ውስጥ በ302 እ.ኤ.አ. በተሠራ መቃብር የተገኘ የሸክላ ፈረሰኛ ደግሞ እርካብ ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ መውጫ ብቻ ነበር ማለት ነው። የእኛ ሰው የሚወጣው በቀኝ ነበር፤ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ስለሚታጠቅ። እግር፣ ጎራዴ፣ የፈረስ ጀርባ፦ ኮርቻ የእነዚህ ሁሉ ስምምነት ነው።

ዋግ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ አገር ነው። ዘራቸውን ከዛግዌ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግሹሞች መቀመጫቸው ሰቆጣ ነበረች። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ ጋር ገጠሙ። 60 ሺህ ጦር ይዘው በ12 ሺህ ሰው ተሸነፉ ተብሎ ይጻፋል። የካሳ ጦር እንግሊዞች ትተውለት የሄዱት መድፍና ጠመንጃ ነበረው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት እዚያ ቀን ላይ መራራ ትርጉም አለው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሌላው ዋግሹም፣ ዋግሹም ጓንጉል፣ እዚያው ዓድዋ ላይ ከአሸናፊዎቹ ጋር ተሰለፉ።

ወደ እንዲህ ያለ ጦርነት ሲኬድ ፈረስ ከቤት ጀምሮ አይጋለብም። መኳንንቱ መንገዱን የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ፈረሱ እየተሳበ ይከተላል፤ ጀርባው ለዋናው ቀን ይቆያል። «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እያልን የምንስቅባት እንስሳ የጉዞውን ሸክም በሙሉ ትወስዳለች፤ ስሙ የሚወጣው ግን ለፈረሱ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ጌቶቹን በፈረሳቸው ስም እንጠራለን። ቆዳውን የፋቀው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ልጓሙን የቀጠቀጠው ሰው ግን ስም የለውም። ከዚህ የባሰም አለ፦ «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበሩ። ከእጁ ኮርቻ ተቀብሎ አብሮት ማዕድ የማይቀርብ ብዙ ነበር። ያንን የአያቴን ኮርቻ «የአያቴ» ስል እኔም ያንኑ እያደረግኩ ነው።

በማግሥቱ ሽማግሌው እንዴት እንደሚለካ አሳዩን። እኔም ያነበብኩትን ጨመርኩበት። ፈረስ ለመጫን ለምታስቡ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ፈረሱ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ለስላሳ ሽቦ ከትከሻው ኋላ ጀርባው ላይ አጥፋችሁ ቅርጹን ካርቶን ላይ ሳሉት፤ የኮርቻውን የፊት ቅስት ከዚያ ጋር አስተያዩ። ሰው ተቀምጦበት በቅስቱና በጀርባው ጉብታ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ፈረስ ሲራመድ የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ኮርቻው ከሱ ኋላ ይረፍ። የኋላ ጫፉ ደግሞ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት አይለፍ። የእኛ ደጋ ፈረስ ትንሽ ነው፣ ጀርባውም አጭር፤ ለትልቅ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ ወገቡ ላይ ይወጣበታል። በመጨረሻ ጋልቡትና ላቡን እዩ። እኩል ከረጠበ ደህና ነው።

የእኛን ለካነው። የአያቴ ኮርቻ ለጠባብ ጀርባ የተሠራ ነበር፤ ዳማው ሰፊ ነው። አጎቴ አልተዋጠለትም። «ከሥሩ ወፍራም ነገር ብናነጥፍበትስ?» አለ።

«የጠበበህን ጫማ በሁለት ካልሲ ታደርገዋለህ?» አሉት ሽማግሌው።

ዝም አለ። ኮርቻው ከአያቴ የቀረን ብቸኛ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ እህል ጥሎ እሱን የደበቀ ሰው ነው አጎቴ። እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ በካርቶን ቁራጭ «አይሆንም» ማለቴ ራሴን አሳፈረኝ። ፈረሱ ግን እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሊገጥብ የነበረው የሱ ጀርባ ነው።

ገበያ ወጥተን አንድ ጌጥ የሌለው፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ኮርቻ ገዛን። አጎቴ የሻጩን ስም ጠየቀ፣ ማን እንደሠራውም ጠየቀ። ሻጩ ራሱ ነበር የሠራው። ለጥምቀት ዳማው በአዲሱ ኮርቻ ወጣ፤ ከላዩ የአያቴ ቀይ ግላስ ተደርቦ። ማታ ሲወርድ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር እኩል ረጥቦ ነበር። አሮጌው ኮርቻ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

በግንቦት አጎቴ እንደገና ደወለ። በዋግ ግንቦት ሳር የለም፣ ከብቱ ሁሉ ይከሳል። «ሁለት ጣት ነበር፣ አሁን አንድ ሆነ» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ። ፈረሱ ከስቶ ኮርቻው ሰፍቶበታል። «አሁን ማንጠፍ ይቻላል አይደል?»

«አሁን ይቻላል» አልኩት። «ክረምት ገብቶ ሲወፍር ግን ታወጣዋለህ።»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ። «እለካዋለሁ።»