ፖምፓው ሲሄድ ኮምፒውተሩ መጣ

ካርቲየ 3 ላይ ፒካፕ ቆሞ አልነሳም ሲል ፈረንሳይኛ የሚናገረው መካኒክ «ካልኩላተር» ይላል፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ደግሞ «ኮምፒውተሩ ነው» ይላል። የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የሞተሩን ሥራ ስለሚያዘው ጠፍጣፋ ሳጥን። ነጋዴው ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢነገረው የሚሰማው ዋጋውን ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሮ የሚኖር ስለሆነ፣ ዋጋው በፍራንክ ቢጠራም ያው የዶላር ዋጋ ነው። ጭነቱም ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በእኔ ግምት ብዙ ደህና ሳጥን ተነቅሎ የሚጣለው፣ አዲሱን ሞተር በአሮጌው ሞተር ልማድ ስለምንመረምረው ነው። ያ ልማድ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሞቹን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ገራዥ በጣልያንኛ ይናገራል፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፖምፓ፣ ማሳ። የጅቡቲ ገራዥ በፈረንሳይኛ ይናገራል። እኛ «ማሳ» የምንለውን እነሱ «ማስ» ይሉታል፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ወደ ሰውነቱ የሚመለሰው የኤሌክትሪክ መንገድ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ጋ ስንደርስ ግን ጣልያንኛው ያልቅብናል። ሳጥኑ የመጣው የጣልያንኛው ዘመን ካለፈ በኋላ ስለሆነ ስሙም ከእንግሊዝኛ መጣ። የአንድ ዕቃ ዕድሜ ከስሙ ይታወቃል ብል አልተሳሳትኩም።

በዚህ መስመር ላይ የብረት ሙያ ያደገው ከባቡሩ ጋር ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የድሬዳዋ የጥገና ፋብሪካ ለብዙ መካኒኮች ትምህርት ቤት ነበር። ያ ሙያ የእጅና የጆሮ ሙያ ነው። የተሰበረው ይታያል፣ ያረጀው ይንኳኳል፣ የሌለው ዕቃ በሞርድ ተሞርዶ ይሠራል። ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥም አንዱን ዕቃ አውጥቶ ሌላውን አስገብቶ መሞከር ኪሣራው ትንሽ ነበር።

የናፍጣ ፒካፕም ለረጅም ጊዜ ለዚህ ሙያ የተመቸ መኪና ሆኖ ቆየ። የቶዮታ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር በ1990 ሲወጣ፣ ናፍጣውን የሚለካውና ለየሲሊንደሩ የሚያካፍለው በሜካኒክ የሚሠራ ፖምፓ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚፈለገው ለሞተሪኖው፣ ለማሞቂያ ካንዴላውና ናፍጣውን ለሚከፍተው አንድ ቫልቭ ነው። የሃይሉክስ 3ኤል ሞተርም አሠራሩ እንዲሁ ነው። ነጋዴው እነዚህን ሞተሮች የወደደው በከንቱ አይደለም። ዲኪል አካባቢ ቢቆሙ እዚያው የሚያስነሳቸው ሰው ይገኛል።

ኮምፒውተሩ በሌላ በር ነው የገባው። በ1967 ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለፎልክስዋገን 1600 አቀረበ። አሜሪካ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕጓን ስታጠብቅ ካርቡራተር ብቻውን ሕጉን መወጣት እያቃተው ሄደ። በ1981 ጄኔራል ሞተርስ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪኖች ሁሉ ማለት በሚቻል መጠን ኮምፒውተር አስገባ። በ1996 ደግሞ እዚያ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ 16 ቀዳዳ ያለው አንድ ዓይነት የማሽን መሰኪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ ዛሬ መካኒኩ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ማሽኑን የሚሰካው እዚያ ላይ ነው። ናፍጣ ዘግይቶ ተከተለ። ዴንሶ በ1995 ለጭነት መኪና፣ አልፋ ሮሜዮ በ1997 ለቤት መኪና ኮመን ሬይል የሚባለውን አሠራር አወጡ። በዚህ አሠራር ፖምፓው ግፊት መፍጠር ብቻ ነው ሥራው፤ ከ1,000 ባር በላይ የተጨመቀውን ናፍጣ መቼና ስንት እንደሚረጭ ለኢንጀክተሩ የሚነግረው ኮምፒውተሩ ነው። በ2004 ታይላንድ ውስጥ የወጣው አዲሱ ሃይሉክስ፣ ዲ4ዲ የምንለው፣ ይህንኑ ይዞ መጣ።

በዚህ መሐል የእኛም መንገድ ተለውጦ ነበር። በግንቦት 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋና የኢትዮጵያ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በጋላፊ በኩል ያለው መንገድ በአንድ ጊዜ የአገር ጉሮሮ ሆነ። በዚያው 1998 ዓመት የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገደደ። ኢሞቢላይዘር ማለት ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩን የማያስነሳ የሌባ መከላከያ ነው። ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ለእኛ ግን ንግዱ ወደዚህ በጎረፈበት ዘመን፣ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ መግጠም የማይበቃው መኪናም አብሮ መጣ።

እንግዲህ ወደ ቆመው ፒካፕ እንመለስ። ቁልፉን ክፈቱና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የሞተር ሥዕል ያለባት ብርቱካናማ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች (ሻጭ ጉድለት ለመደበቅ አምፖሏን ነቅሏት ካልሆነ) ሳጥኑ ኤሌክትሪክ አላገኘም ወይም ውስጡ ታፍኗል ማለት ነው። ይህ ገና የሞት ማስረጃ አይደለም። ከባትሪው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው 12 ቮልት በፊውዝና በሪሌ ያልፋል፤ አንዲት የተቃጠለች ፊውዝ ወይም አንድ የደከመ ሪሌ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ዝም ያሰኛል። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነም ኮምፒውተሩ እየጠፋና እየበራ ሥራውን ይስታል።

ከዚያ ማሳው። ጅቡቲ ላይ የባሕሩ ጨው የማይደርስበት ሽቦ የለም። ሶኬቱ ሲነቀል አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ መኪናው ስለ በሽታው ግማሹን ነግሯችኋል። ሆኖም በዓይን ማየት አይበቃም። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የሳጥኑ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይዞ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ገደማ ካለፈ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው፤ አዲስ ሳጥን ብትገጥሙም እንዲያው ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በ5 ቮልቱ ነው። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ያከፋፍላል፤ ብዙ ሴንሰር ይህን አንድ መስመር ይጋራል። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ከተገናኘ ወይም ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ 5 ቮልቱ በሙሉ ይወርዳል። ያኔ ማሽኑ የማይገናኙ የሚመስሉ ኮዶችን ይደረድራል ወይም ጭራሽ ከኮምፒውተሩ ጋር አልነጋገርም ይላል፤ ዩ0100 የሚለው ኮድ ትርጉሙ ይኸው ነው። መካኒኩ አሥር ኮድ ሲያይ «ኮምፒውተሩ አብዷል» ይላል። መድኃኒቱ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ 5 ቮልቱ የተመለሰበት ሴንሰር ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው፣ ሽቦውም ተፈትሾ፣ 12 ቮልቱም ማሳውም ደህና ሆነው 5 ቮልቱ አሁንም ከሌለ፣ ያኔ ሳጥኑ ሞቷል ማለት ይቻላል።

በርግጥም ይሞታል። ለጭነት የሚሆን ብረት ሲበየድበት ባትሪው ሳይነቀል የቀረ ፒካፕ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ሲሰጠው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ የተገለበጠበት፣ ውሃ የገባበት፣ እነዚህ የታወቁ ገዳዮች ናቸው።

ሲቀየር ቁጥሩ ይቀድማል። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል፤ ዋናው ልዩነት ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ፊደሎችና ቁጥሮች ነው። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ሳጥኑ ልኩ ነው ማለት አይደለም። ማንዋል ካምቢዮና አውቶማቲክ፣ የአንድ ገበያና የሌላ ገበያ መኪና የተለያየ ፕሮግራም አላቸው። ያገለገለው ሳጥን የሚያውቀው የቀድሞ መኪናውን ቁልፍ ስለሆነ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ሊጠፋ ወይም ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ሻጩ የሸጠው ብልሽት ይመስላል፤ ጠብም ይነሳል። ቁልፉ እንደገና መመዝገብ አለበት፣ ወይም ባለሙያ የአሮጌውን ሳጥን የማስታወሻ ቺፕ አንብቦ ወደ አዲሱ ያዛውረዋል። በዲ4ዲ ላይ ሌላም አለ። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ራሱ ላይ የተጻፈ የልኬት ኮድ አለው፤ አዲሱ ሳጥን እነዚያን ኮዶች ካልተነገረው ሞተሩ ይነሳል ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል። ባለቤቱም «ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ለሁለተኛ ወጪ ይዳረጋል።

ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ ሳጥኑን፣ የቁልፉን ምዝገባና የኢንጀክተሩን ኮድ ማስገባት አንድ ላይ ተነጋገሩ፤ ገንዘቡም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳ በኋላ ይከፈል። አሮጌውን ሳጥን ደግሞ ለገራዡ አትተዉለት። የቁልፋችሁን መረጃ የያዘው እሱ ነው፤ አዲሱ ጋላፊ ሳይደርስ ቢያስቸግር መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱ ነው።